ቀዳዳ የሌለው አጥር

ባሌ ቡልቻ ግትር ሰው ነበር። ሞቷልና አይሰማኝም ብዬ አይደለም ይህን የምናገረው፤ በቁሙም ፊት ለፊት እነግረው ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በቅሎ እንኳ አንዳንዴ ልጓም ትሰማለች» እለዋለሁ። ይስቃል። አንድ የፊት ጥርሱ የለም፤ ሲስቅ በዚያ በኩል ምላሱ ብቅ ትላለች። ከሳቀ በኋላ ያው ቀድሞ ያሰበውን ያደርጋል።

የሱን ነገር ሰፈሩ እንደ ፈቀደው ያወራል። ግማሹ «የመናፈሻው አባት» ይለዋል፤ ግማሹ የሚለውን ደግሞ ስደርስበት እናገራለሁ። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሚስቱ ጽጌማርያም ነኝ። ከእኔ በላይ የሚያውቀው ካለ ይምጣና ይሟገተኝ።

ቡልቻ ከመናገሻ በታች ካለ ገጠር የመጣ ነው፤ እኔ ከቡልጋ። ኮልፌ ተገናኘን፣ ኮልፌ ተጋባን፣ ልጅ ሳይሰጠን እዚሁ አረጀን። ቤታችን ወንዙ ዳር ነው። ከወንዙ በላይ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው ዳገት የማንም አልነበረም፤ የሞተ ውሻ፣ የተቀደደ ጆንያ፣ የበሬ ቀንድ የሚጣልበት ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት ደግሞ ሰውም ይጣልበት ነበር። ቡልቻ አንድ ማለዳ ወደ ቀን ሥራው ሲወጣ እዚያ የተጣለ ልጅ አየና ተመልሶ ገባ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን «ጽጌ፣ ይሄ ቦታ እንዲህ ሆኖ መቅረት የለበትም» አለኝ።

«አንተ ምን ቤት ነህ? አርፈህ ተቀመጥ» አልኩት። ዘመኑ ዝም የሚባልበት ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀበሌው በራሱ ጊዜ ተነሣ። የአካባቢ ውበት ዘመቻ ተባለ። እሑድ እሑድ ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማ ወይም አካፋ ይዞ ይወጣል፤ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም። ስለዚህ ሁላችንም በአንድ ጊዜ የውበት ወዳጆች ሆንን። ቆሻሻው ተነሣ፣ ዳገቱ ተደለደለ፣ ሊቀመንበሩ ጓድ ደመቀ ንግግር አደረገ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ተጨበጨበ። በሁለት ሳምንቱ የሰፈሩ ፍየል ችግኙን ሙልጭ አድርጎ በላው። ደመቀ ግን ሪፖርቱን ልኮ ስለነበር ግድም አልሰጠው። ቡልቻ ቀበሌ ሄዶ «እኔን ጠባቂ አድርጉኝ» አለ። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ሥራ ለምኖ ያዘ እላችኋለሁ።

መሬቱ ድንጋይ ነበር። ቡልቻ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በጆንያ ከቆሼ አፈር ማመላለስ ጀመረ። ቆሼ የከተማው ጥራጊ የሚደፋበት ነው፤ ከሥር ያለው፣ ብዙ ዓመት የበሰበሰው ግን ጥቁር ለም አፈር ሆኗል። አህያ ተውሶ፣ አህያ ሲያጣ በገዛ ጀርባው፣ ሁለት በጋ ሙሉ አመላለሰ። ሽታው! ኧረ በማርያም! ደጅ ላይ ሳይታጠብ ቤቴን አላስረግጠውም ነበር። ሰፈሩም «ጋሼ ቡልቻ፣ ዛሬ ደግሞ የተቀቡት ሽቶ የየት አገር ነው?» እያለ ይተርበው ነበር። በሦስተኛው መስከረም ጽጌረዳው ሲፈነዳ ያ ተራቢ ሁሉ አበባ ሊለምን በራችን ላይ ቆመ።

አጥሩን የተከለውም ያኔ ነው። ፍየሎቹ አንገብግበውት ነበርና ከሳንሱሲ ማዶ ካለው ጫካ ቀጋ እየነቀለ አምጥቶ ዙሪያውን በሦስት ረድፍ ተከለ። ቀጋ ታውቁታላችሁ፤ አበባው ነጭ ነው፣ ቀይ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፣ እሾሁ ግን ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ አንዴ ከያዘ አይለቅም። በአምስት ዓመት ከሰው ቁመት አለፈ፤ ውፍረቱ ሦስት ክንድ ሆነ። በሩ አንድ ብቻ ነው፣ ወደ አስፋልቱ የሚወጣው። ለሱም ደመቀ የብረት መዝጊያ አስገጠመለት።

ምሳውን የማደርስለት እኔ ነኝ። ቤታችን ከመናፈሻው ሥር ሆኖ ሳለ፣ አጥሩን ዞሬ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ በበሩ መግባት ነበረብኝ። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ አንድ ቀን «በወንዙ በኩል እኔን ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ተውልኝ» አልኩት።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፣ ጽጌ።»

«ጅቧ ምሳህን ተሸክማ የምትመጣው ሚስትህ ናት?»

«አንቺ ስትገቢ ፍየሉ አይቶ ይማራል» አለና ሳቀ። ሦስት ቀን ምሳ ከለከልኩት። ቆሎ እየቆረጠመ ዋለ እንጂ ቀዳዳውን አልተወልኝም። በመጨረሻ እኔው ተሸንፌ መዞሬን ቀጠልኩ።

ያን መናፈሻ ግን፣ መዋሸት ምን ያደርጋል፣ እኔም ወደድኩት። ከሰዓት በኋላ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው ወይራው ሥር ይቀመጣሉ። ሽማግሌዎች ቡልቻ ከባሕር ዛፍ በሠራው አግዳሚ ላይ በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፤ ይሰዳደባሉ፣ ይታረቃሉ። ፈተና ሲደርስ ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ ያነበንባል። አንድ ጊዜ ከአስኮ በኩል ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ መጡ። ቡልቻ የሙሽራዋን ቬሎ እሾህ እንዳይዘው ከኋላ አንሥቶ ይዞላት ሲከተል ሚዜ መሰለ፤ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ቤት ሲገባ ግን «ጽጌ፣ እዚያ ቦታ ላይ እኮ ሙሽራ ቆመች» አለኝና ዓይኑ እንባ ሞላ። ያንን የተጣለ ልጅ ያየበት ቦታ ማለቱ ነው። አቅፌው ቆየሁ።

ጎረቤታችን ወለተጻድቅ ባሏ የሞተባት፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ናት። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ አምሐ። እሱም ግማሹን የእኛ ልጅ ነበር፤ ዳዴ ብሎ መጀመሪያ የቆመው የቡልቻን ጣት ይዞ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨረሰና ማትሪክ ሳይመጣለት ቀረ። ማትሪክ ያልመጣለት ወንድ ልጅ ያኔ የት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል፤ ብሔራዊ ውትድርና፣ ከዚያም ሰሜን። ከእኛ ሰፈር ሰሜን ሄዶ የተመለሰ አላየንም። በሰማንያ አንድ ሰኔ ላይ የአምሐ ስም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ወለተጻድቅ «ጅማ አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ብላ ምላ ተገዝታ፣ ልጇን ከአልጋዋ ጀርባ በመጋረጃ ከልላ ደበቀችው። ስምንት ወር! እሷ ጉልት ስትውል እሱ ሳሉን እንኳ ትራስ አፉ ላይ አድርጎ ነው የሚስለው። ግቢው የጋራ ነው፤ ስንት ጆሮ አለው።

ቡልቻ የቤቷን በር ሊያበጅላት ገብቶ ልጁን አየው። ሲመለስ መቀመጥ እንኳ አቃተው።

«ልጁ እየሞተ ነው፣ ጽጌ። ጥላ ውስጥ የበቀለ ችግኝ ሆኗል። ሲቆም እግሩ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ ካላገኘ አይተርፍም።»

«ፀሐይ ከየት ታመጣለታለህ?»

«መናፈሻዬ አለ አይደል?»

ወለተጻድቅ ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ ቡልቻ፣ ቢያዩብኝስ?»

«ማን ያየዋል? ማክሰኞ ከሰዓት ደመቀና ሰዎቹ ሁሉ ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ናቸው። ልጁ ታች ጥግ፣ ከጽጌረዳው ጀርባ ይቀመጣል፤ ከመንገድ አይታይም። በሩ ላይ እኔ አለሁ። በአጥሬ በኩል እንኳን አብዮት ጠባቂ እባብም አይገባ!»

«ፈራሁ፣ ጋሼ።»

«አንድ ሰዓት ብቻ። እኔው ወስጄ እኔው እመልሰዋለሁ። ልጅሽን ከእጄ ትቀበያለሽ።»

ወለተጻድቅ ወደ እኔ ዞረች። «ጽጌ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። «ቡልቻ ካለ አለ ነው» አልኳት። ይህችን ቃል በየቀኑ እሰማታለሁ።

አምሐ የቡልቻን ትልቁን ካፖርት ለብሶ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ጎን ለጎን ሆነው ሄዱ። ልክ በሰዓቱ ይዞት ተመለሰ። የመጀመሪያው ማክሰኞ እንዲህ አለፈ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ልጁ ጉንጩ ላይ ደም መታየት ጀመረ። ሳሉ ቀነሰ። በሦስተኛው ማክሰኞ ቡልቻ ከሚያምናቸው ሽማግሌዎች ጋር እዚያው ጥጉ ላይ ዳማ ተጫውቶ አሸንፎ መጣ። ወለተጻድቅ የቡልቻን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል «ኧረ ተይ፣ ምን ሆነሻል» ብሎ ሸሻት። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ እየዘፈነ ሲዞር ሰማሁት። ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ነው የሚለው፤ ዝም በል አላልኩትም።

በአራተኛው ማክሰኞ እኔ ወንዝ ወርጄ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ቦታዬ ከአጥሩ ሥር፣ ያ ቀዳዳ ተውልኝ ያልኩት ጋ ነው። የመኪና ድምፅ ሰማሁ፣ የወታደር ኦራል። ሁለት ናቸው። ለካ በዚያ ቀን ስብሰባ ላይ ለየቀበሌው የወታደር ኮታ ታድሎ፣ ዛሬውኑ አምጡ ተብለው ኖሯል። ደመቀ ደግሞ ወጣት የሚገኝበትን ቦታ ማሰብ አላስፈለገውም። ቀጥ ብሎ ወደ መናፈሻው መጣ። አንድ በር፣ በዚያ ላይ የብረት መዝጊያ ያለው፤ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ጩኸት ሆነ። ከዚያ የቡልቻ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ፦ «አምሐ! ወደ ኋላ! በኋላ በኩል ሩጥ!»

በኋላ በኩል! አጥሩን የተከለው ሰው አጥሩን ረሳው። ዘጠኝ ዓመት ባጠጣው አጥር ላይ፣ እኔ ለምኜ ያልተወልኝ ቀዳዳ በዚያች ቅጽበት ያለ መሰለው። ልጁም ቃሉን አምኖ ሮጦ መጣና ከቀጋው ጋር ተላተመ።

ከዚህ ወዲህ እኔ ቆሜያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እሱ። ፊቱን በቅጠሉ መሐል ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ ሆኖ አየዋለሁ።

«እትዬ ጽጌ፣ በየት ነው የሚወጣው?» አለኝ።

ምን ልበለው? ምን ልበለው! እጄን አስገባሁ፤ እሾሁ እስከ ትከሻዬ ቧጠጠኝ። እሱም ከወዲያ እጁን ሰደደ፤ ጣቶቹ ደረሱኝ። ያዝኳቸው። ቀዝቅዘዋል። ቡልቻ ማጭዱን ይዞ እያለከለከ ደረሰና «ያ ዋቃ! ያ ዋቃ!» እያለ፣ አምላኩን በእናቱ ቋንቋ እየጠራ አጥሩን ይከትፍ ጀመር። የቀጋ ግንድ በማጭድ ይቆረጣል? አንድ ሐረግ ሲቆርጥ ሌላው እጅጌውን ይይዘዋል። አምሐ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል፤ አልጮኸም፣ አልተፍጨረጨረም፤ ጋሼ ቡልቻ ያወጣኛል ብሎ ነው የቆመው። ሲጎትቱት ጣቶቹ ከእጄ ወጡ። ሸሚዙ ተቀደደና ቁራጩ እሾሁ ላይ ቀረ።

አሥራ አንድ ልጅ ጫኑ። ደመቀ መኪናው ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጓድ ቡልቻ፣ አጥርህ ዛሬ ሥራ ሠራ!» አለ። ቡልቻ ማጭዱን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ እጁ በደም ርሷል።

ወለተጻድቅ ልጇን ልትቀበል ቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ቡልቻ ልጁ ፀሐይ ሲሞቅ ያወለቀውን ካፖርት ብቻ ይዞ መጣ። አየችው። ካፖርቱን ከእጁ ተቀበለች፣ ውስጡን ከፍታ አየች፤ ልጁ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስል። ከዚያ እየሮጠች ወጣች። ያን ቀንና በማግስቱ ከጣቢያ ጣቢያ ስትዞር ውላ «ተጭነው ሄደዋል» ተብላ ተመለሰች። ቡልቻን ክፉ ቃል አልተናገረችውም። ደግ ቃልም አልተናገረችውም። ሲያገኛት ታልፈዋለች፣ እንደ ግድግዳ።

ሰፈሩ ግን ተናገረ። «ሸጣቸው» አለ። «ደመቀ ሲያመሰግነው አልሰማችሁም?» አለ። የሌሎቹ የአሥሩ ልጆች እናቶች እኔን ውኃ ቦኖ ላይ ሲያዩ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ዕድር ስብሰባ ላይ ቡልቻ ከተቀመጠበት አግዳሚ ሰው ተነሣ። እኔ አፌ አያርፍምና ተነሥቼ ሁሉንም ሰደብኩ፤ እሱ ቀሚሴን ይዞ «ተይ ጽጌ፣ ልክ ናቸው» አለኝ።

በሳምንቱ መጥረቢያ ተውሶ ሄደ። ሦስት ቀን ፈጀበት። በወንዙ በኩል፣ ልጁ የቆመበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አወጣ። ጠራኝና አሳየኝ። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ንዴት ውስጤ ስለነበር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩት። ምላሴ ይቆረጥ! ሴት ለሞተ ባሏ የምትፀፀተው ስንት ነገር አለ፤ የእኔ ይኼ ነው። አየኝና «አዎ» አለ።

ፍየሎቹ በዚያ ቀዳዳ ገቡ። ቡልቻ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል፤ አንድ ጠጠር እንኳ አይወረውርም። ጽጌረዳውን በሉት፣ አደሱን በሉት፣ የወይራውን ልጥ ላጡት። ደመቀ «ጠግበሃል?» ብሎ ጮኸበትና ከሥራ አስወጣው። ክረምቱ ሲወጣ ቦታው ወደ ጥንቱ ተመለሰ። ሰው ቆሻሻ መጣል ጀመረ።

ቡልቻ ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል ኖረ ይባላል እንጂ አልኖረም። በሰማንያ ሦስት መጋቢት ላይ አልጋ ያዘ። የንስሐ አባታችን መጥተው «እግዚአብሔር መሐሪ ነው» አሉት። «የእግዜርን አውቃለሁ፣ አባቴ» አላቸው፤ «የወለተጻድቅን ነው የምፈልገው።»

ሄድኩና እግሯ ላይ ወደቅሁ። መጣች፤ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቡልቻ እጁን ዘረጋላት።

«ወለተጻድቅ፣ ይቅር በይኝ። ሳልሞት።»

እጁን አልያዘችም። ቁጣም አልነበረባትም። ቀስ ብላ «ጋሼ ቡልቻ፣ ልጅሽን ከእጄ ትቀበያለሽ ብለውኛል» አለችው። «እየጠበቅሁ ነው። አምሐ ሲመጣ እሱ ይቅር ይበልዎት። ልጄ ሳይመጣ እኔ ምን ብዬ ነው ይቅር የምለው? ሞቷል ልበል?»

ቡልቻ እጁን መልሶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተ። እኔ ልጮህባት ተነሥቼ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። መርዶ ያልመጣላት እናት ናት። በሁለተኛው ቀን ቡልቻ ዓይኑ በሩ ላይ እንደ ሆነ ሞተ።

ዕድሩ ቀበረው፤ ያንን አልነፈጉትም። ወለተጻድቅ ለቅሶ ቤት ሦስቱንም ቀን ተቀመጠች። በሰው ለቅሶ ሁሉም የራሱን ሙት ያለቅሳል፤ እሷ ብቻ አንድ ዘለላ እንባ አላወጣችም። የማለቅስለት ሙት የለኝም ማለቷ ነበር።

በግንቦት ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ደመቀ የገባበት ጠፋ። ሰሜን የነበረው ወታደር ትጥቁን ፈትቶ፣ ባዶ እግሩን፣ ቁራሽ እየለመነ በየመንገዱ መግባት ጀመረ። ወለተጻድቅ ጉልቷን ትታ ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር፣ የመናፈሻው በር የነበረበት ቦታ ላይ ትቆማለች። የቡልቻን ካፖርት በእጇ ይዛለች፤ በርዶት ይሆናል ትላለች። ያለፈውን ሁሉ «አምሐ የሚባል አላየህም?» ትለዋለች። ቡልቻ ያወጣውን ቀዳዳ አልፌ፣ ዳገቱን ቀጥ ብዬ ወጥቼ፣ እኔም አጠገቧ እቆማለሁ። ዙሪያውን መዞር ቀርቶልኛል።

ሰዉ ለወለተጻድቅ ብዬ የቆምኩ ይመስለዋል። ለቡልቻ ብዬ ነው። ያ ልጅ ከመጣ እግሩን ይዤ የምለምነው አንዲት ቃል አለችኝ፤ ያችን ቃል ካገኘሁ መቃብሩ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ። ትናንት ቆመን ዋልን፣ ዛሬም ቆመን ዋልን። አልመጣም።